የፊተኛው ድምፅና የኋለኛው ድምፅ

ስለ ምርጫ ፍትሐዊነት ስንወያይ ዘወትር የምናነሣቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ማን ይመርጣል? ማን ይመረጣል? ድምፁን ማን ይቆጥራል? ቆጣሪውንስ ማን ይታዘበዋል? ከአገራችን ስንወጣ እነዚህን ጥያቄዎች በልባችን ይዘን ስለወጣን፣ በአሜሪካ ምድር ዜግነት አግኝተን ድምፅ መስጠት ስንጀምርም መጀመሪያ የምንመለከተው እነዚሁኑ ነው። ኮሮጆው አልተሰረቀም፣ ቆጠራው በግልጽ ተካሂዷል፣ እንግዲያው ምርጫው ትክክል ነው ብለን እንደመድማለን። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጎን ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «መቼ?» የሚለው ነው። ሁለት ሰዎች እኩል አንድ አንድ ድምፅ ቢኖራቸው፣ ነገር ግን አንደኛው ነገሩ ገና ሳይቆረጥ፣ ሌላው ደግሞ ከተቆረጠ በኋላ እንዲናገር ቢደረግ፣ ሁለቱ በእርግጥ እኩል ናቸው ማለት ይቻላልን?

ይህ ጥያቄ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ለምንኖር ኢትዮጵያውያን የሩቅ ፍልስፍና አይደለም። የአሜሪካ ፓርቲዎች ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርቡትን ዕጩ የሚለዩበት፣ በተለምዶ «ፕራይመሪ» የሚባለው የማጣሪያ ምርጫ በአንድ ቀን የሚካሄድ አይደለም። ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እየተላለፈ ከክረምቱ እስከ በጋው መግቢያ ይዘልቃል። ፊት ያሉት አሥር ዕጩ ሲቀርብላቸው ኋላ ያሉት ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም አንድ ብቻ ያገኛሉ። (በዚህ ጽሑፍ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱና ወራቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ይህን ተራ ማን ደነገገው? ታሪኩን ስንመረምር የምናገኘው ታላቅ የሕግ ጥበብ ሳይሆን የአጋጣሚዎች ክምር ነው። በ1916 ሚኒሶታና ኒው ሃምፕሸር የማጣሪያ ምርጫቸውን ያካሄዱት በአንድ ቀን ነበር፤ ኢንዲያና ደግሞ በአንድ ሳምንት ቀድማቸዋለች። ከዚያ በኋላ ሚኒሶታ ሕጓን ሻረች፤ ኢንዲያናም ቀኗን ወደ ሜይ ወር አዛወረች፤ ኒው ሃምፕሸርም በ1920 ብቻዋን ከፊት ቀረች። በሌላ አነጋገር፣ ፊተኛ የሆነችው ተወዳድራ አሸንፋ አይደለም፤ ሌሎቹ ወንበሩን ለቀው ስለሄዱ ነው። ዳሩ ግን በአጋጣሚ የተገኘ ወንበር ሲቆይ ርስት ይመስላል። ከጊዜ በኋላ ኒው ሃምፕሸር ምርጫዋ ከማንኛውም ተመሳሳይ ምርጫ ቢያንስ በሰባት ቀን መቅደም እንዳለበት በሕግ ደነገገች። አንድ ክፍለ ግዛት ስለ ራሱ ቀን ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሎቹ ሁሉ ቀን ሕግ አወጣ ማለት ነው።

የአዮዋም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በእርሱ ውስጥ ግን የሚኒያፖሊስ እጅ አለበት። በ1968 ከሚኒሶታ የተገኙ ሁለት ሰዎች በአንድ ፓርቲ ውስጥ ተፋጠጡ። የምክር ቤት አባሉ ዩጂን ማካርቲ የቬትናምን ጦርነት በመቃወም በኒው ሃምፕሸር ተወዳድሮ 42 ከመቶ ያህል ድምፅ አገኘ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በቁጥር ቢበልጡትም፣ ወሩ ሳይጠናቀቅ ለሁለተኛ ጊዜ እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ኸበርት ሃምፍሪ ግን፣ ቀድሞ የሚኒያፖሊስ ከንቲባ የነበረው፣ በአንድም የማጣሪያ ምርጫ ሳይወዳደር በኦገስት ወር በቺካጎው ጉባኤ የፓርቲው ዕጩ ተባለ። በአደባባይ የተቆጣው ሕዝብም ድምፃችን ምን ሠራ ብሎ ጠየቀ። ከዚህ ቁጣ የተወለደው የማሻሻያ ኮሚሽን በመጀመሪያ በጆርጅ ማክገቨርን፣ በኋላም በሚኒያፖሊሱ የኮንግረስ ተወካይና የኋላው ከንቲባ በዶናልድ ፍሬዘር ተመርቷል። ኮሚሽኑ ዕጩ የመምረጡ ሥራ ከጥቂት አለቆች እጅ ወጥቶ በግልጽ ሕግ እንዲመራ አደረገ። አዮዋም በአዲሱ ደንብ መሠረት ከቀበሌ ስብሰባ እስከ ክፍለ ግዛት ጉባኤ ያሉትን ደረጃዎች በቂ ጊዜ ለመስጠት ስትል የቀበሌውን ስብሰባ በ1972 ወደ ጃንዋሪ አመጣችው። ከአራት ዓመት በኋላ ብዙም የማይታወቀው ጂሚ ካርተር በዚያው ስብሰባ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ልቆ ሲወጣ፣ ፊት መሆን ምን ያህል ኃይል እንዳለው አገር ሁሉ ተረዳ። ኮሚሽኑ «ማን ይወስን?» የሚለውን መለሰ፤ «ማን አስቀድሞ ይወስን?» የሚለውን ግን ሳይመልስ ተወው።

ያልተመለሰ ጥያቄ ደግሞ ሽሚያን ይወልዳል። ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ቀናቸውን ወደ ፊት መግፋት ጀመሩ። በ2008 ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ከተፈቀደላቸው ቀን ቀድመው በጃንዋሪ ድምፅ በማሰጠታቸው የዴሞክራቲክ ፓርቲ በመጀመሪያ የጉባኤ ተወካዮቻቸውን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ነጠቀ፤ በኋላም ግማሹን መለሰላቸው። የተቀጡት ሕግ ያወጡት ሹማምንት ሳይሆኑ ተሰልፈው የመረጡት ዜጎች ነበሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሁሉም ፊት ለመሆን ሲሽቀዳደም አዮዋ ወደ ጃንዋሪ 3፣ ኒው ሃምፕሸርም ወደ ጃንዋሪ 8 ሸሹ። በ2024 ደግሞ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ደቡብ ካሮላይናን ፊት ሲያደርግ፣ ኒው ሃምፕሸር የራሷን ሕግ ይዛ ቀድማ መረጠች፤ በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆ ባይደን ስማቸው በወረቀቱ ላይ ሳይኖር ሕዝቡ በእጁ ጽፎ አሸናፊ አደረጋቸው።

እንግዲህ የሥነ ምግባሩን ጥያቄ ፊት ለፊት እንመልከት። የነባሩ ተራ ጠበቆች የሚያቀርቡት ክርክር የሚናቅ አይደለም። ትንሽ ክፍለ ግዛት ሲቀድም፣ ገንዘብ የሌለው ዕጩ በር እያንኳኳ፣ በየአዳራሹ እየተጠየቀ ራሱን ማሳወቅ ይችላል ይላሉ። ትልቁ ቢቀድም ግን የሚያሸንፈው ብዙ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የሚገዛው ነው። ይህን ክርክር እኛ ኢትዮጵያውያን ከራሳችን ታሪክ ልንረዳው እንችላለን። በቀድሞው የዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው ከታችኛው ማዕረግ ነበር፤ ንጉሡ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ንጉሡ ቀድሞ ከተናገረ ከእርሱ በታች ያለው ሁሉ የራሱን ፍርድ ትቶ የጌታውን ቃል ይደግማል። አባቶቻችን የፊተኛ ድምፅ የኋለኛውን እንደሚያስር ያውቁ ነበርና ተራን ለአጋጣሚ አልተዉም፤ ደካማው በነፃነት እንዲናገር ብለው በጥንቃቄ አደራጁት።

ነገር ግን በዚሁ ምሳሌ ውስጥ የነባሩ ተራ ጉድለትም ይገለጣል። በችሎቱ ትንሹ ቢቀድምም፣ ሁሉም ተናግሮ ሳይጨርስ ፍርድ አይወርድም። የመጀመሪያው ተናጋሪ ሐሳብ ይሰጣል እንጂ ነገሩን አይቆርጥም። በአሜሪካው ማጣሪያ ግን ፊት ያሉት ጥቂት ክፍለ ግዛቶች ድምፃቸውን ሲሰጡ ገንዘብ ሰጪው ኪሱን ይዘጋል፣ ጋዜጠኛው ፊቱን ያዞራል፣ ዕጩው ተሰናብቶ ይወጣል። የቀሩት ዳኞች ቃላቸውን ሳይሰጡ ችሎቱ ይነሣል። ከዚህም በላይ ለዘመናት ፊት የነበሩት ሁለቱ ክፍለ ግዛቶች ነዋሪዎቻቸው በብዛት ነጮች ናቸው። ትንሽነታቸው እውነት ነው፤ የአገሩ ሁሉ ወኪል ናቸው ማለት ግን አይቻልም።

በሚኒሶታ በ2020 የሆነው ነገሩን በደንብ ያሳያል። ቀደም ሲል ክፍለ ግዛቱ ዕጩ የሚለየው «ኮከስ» በሚባለው የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ስብሰባው በማክሰኞ ምሽት በተወሰነ ሰዓት በአካል መገኘትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በዚያ ሰዓት ታክሲ ለሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ ለሚጠብቀው፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ለሆነችው እህታችን በሩ የተዘጋ ያህል ነበር። በዚያ ላይ ምሽቱ የሰጠው ቃል ሁልጊዜ የጸና አልነበረም። በ2012 በሪፐብሊካኑ ኮከስ ሪክ ሳንቶረም ሲያሸንፍ፣ ወደ ብሔራዊ ጉባኤው የሄዱት የሚኒሶታ ተወካዮች አብዛኞቹ የሮን ፖል ደጋፊዎች ሆነው ተገኙ። በ2016ቱ ኮከስ አዳራሾቹ በሕዝብ ከተጨናነቁ በኋላ ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ለፕሬዚዳንት ዕጩ ማጣሪያ ወደ ፕራይመሪ የሚመለስ ሕግ አወጣ። ሕጉም የሁለቱ ፓርቲዎች መሪዎች በሌላ ቀን ካልተስማሙ በቀር ምርጫው በማርች የመጀመሪያ ማክሰኞ እንዲሆን ደነገገ።

ይህ በእርግጥ መሻሻል ነው። የሌሊት ሠራተኛው ከምርጫው ቀን 46 ቀናት አስቀድሞ ጀምሮ ድምፁን መስጠት ይችላል። እንዲያውም በ2020 የሚኒሶታ የቅድሚያ ድምፅ አሰጣጥ በጃንዋሪ 17 ሲጀመር አዮዋ ገና ስብሰባዋን አልጠራችም ነበር። ሚኒሶታ ሳትታወቅ ፊተኛ ሆነች ማለት ነው። ነገር ግን ምን ሆነ? የሚኒሶታዋ የምክር ቤት አባል ኤሚ ክሎቡቻር ምርጫው ሊካሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በማርች 2፣ ከውድድሩ ወጡ። በሳምንታት ቀድመው ለእርሳቸው የመረጡ ዜጎች ድምፅ በሕግ ጸንቶ ተቆጠረ፤ ግን በውድድሩ ውስጥ ለሌለ ሰው የተሰጠ ድምፅ ሆነ። በሪፐብሊካኑ ወረቀት ላይ ደግሞ የታተመው ስም የዶናልድ ትራምፕ ብቻ ነበር። እንግዲህ ቀድሞ የመረጠው ቀድሞ በመምረጡ ተጎዳ፤ ዘግይቶ የመረጠው በመዘግየቱ ምርጫ አጣ። ስሕተቱ የመራጩ አልነበረም፤ በውድድሩ ሰዓትና በመራጩ ሰዓት መካከል ያለው አለመጣጣም ነው።

ወደ አገራችንም ብንመለከት ይኸው ጥያቄ በሌላ ልብስ ይጠብቀናል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ አብዛኛው አገር በግንቦት 7 ድምፁን ሲሰጥ የሶማሌ ክልል የመረጠው ነሐሴ 15 ቀን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አብዛኛው አገር በሰኔ 14 መርጦ፣ ሐምሌ 3 ቀን ብልጽግና ፓርቲ ለውድድር ከቀረቡት 436 መቀመጫዎች 410ሩን እንዳሸነፈ ተገለጸ። የሶማሌና የሐረሪ ክልሎች፣ እንዲሁም የደቡብ ክልል አንዳንድ አካባቢዎች ድምፅ የሰጡት ግን በመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። የማዕከላዊ መንግሥቱ አሸናፊ ከታወቀ ከሁለት ወር በላይ ሆኖታል። የትግራይ ሕዝብ ጭራሹን በዚያ ምርጫ አልተሳተፈም። ለመዘግየቱ የኅትመት ችግርም፣ የጸጥታም፣ ሌላም ምክንያት ይቀርባል፤ አንዳንዱ ምክንያት እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም በአንድ ምርጫ መዘግየት ችግር ሲሆን፣ አንድ ክልል በተደጋጋሚ ኋለኛ ሲሆን ግን ነገሩ ከችግርነት አልፎ ልማድ ይሆናል። ልማዱም ለዜጋው ያለ ቃል አንድ ነገር ይነግረዋል፤ «ያለ አንተም ይወሰናል» ይለዋል።

አንዳንዱ አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ድምፅ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይደለምን?» ሊል ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ድምፅ ሁለት ሥራ አለው፤ መወሰንና መመስከር። በ2024 የሚኒሶታ የዴሞክራቲክ ማጣሪያ አሸናፊው አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ሆኖም በጋዛ ጦርነት ላይ የተያዘውን ፖሊሲ በመቃወም ከመራጮቹ 19 ከመቶ ያህሉ ለማንም ያልወሰነ የሚለውን ምልክት አደረጉ። ውጤቱን አልቀየሩም፤ ቃላቸው ግን በአገር ተሰማ። ስለዚህ የዘገየ ድምፅ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ምስክርነት የውሳኔ ምትክ ሊሆን አይችልም። አንዱን ወገን ዘወትር ወሳኝ፣ ሌላውን ዘወትር ምስክር አድርጎ ሁለታችሁም እኩል ናችሁ ማለት በቃል መጫወት ነው።

መፍትሔው ምን ይሁን? ቀላሉ መልስ ሁሉም በአንድ ቀን ይምረጥ የሚል ነው። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በ1913 ለኮንግረሱ ያቀረቡት የብሔራዊ ማጣሪያ ምርጫ ሐሳብ ነበር። በገጽታው ከዚህ የበለጠ እኩልነት የለም። ሆኖም በሃምሳ ክፍለ ግዛት በአንድ ቀን መወዳደር የሚችለው ገንዘብና ዝና አስቀድሞ ያለው ብቻ ነው። ማካርቲም ካርተርም በእንዲህ ያለ ሥርዓት ባልተሰሙ ነበር። መራጮችን እኩል ስናደርግ ተወዳዳሪዎችን እጅግ እናበላልጣለን። ሁለተኛው፣ በ2000 የሪፐብሊካን ፓርቲ መክሮበት ሳይቀበለው የቀረው የዴላዌር ዕቅድ ነው፤ በሕዝብ ብዛት ትናንሾቹ ፊት፣ ትልልቆቹ ኋላ ሆነው በአራት ዙር ይመርጣሉ። ይህ የዙፋን ችሎቱን ሥርዓት ይመስላል። ሦስተኛው የክፍለ ግዛቶቹ ዋና ጸሐፊዎች ማኅበር በ1999 የደገፈው ነው። አገሪቱ በአራት ቀጠና ተከፍላ በየወሩ አንዱ ቀጠና ይመርጣል፤ በየምርጫው ዘመን ፊተኛው ይቀያየራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀጠና በ16 ዓመት አንድ ጊዜ ይቀድማል። የሚያስገርመው ግን ይህ ዕቅድ እንኳ አዮዋንና ኒው ሃምፕሸርን ከዙሩ ውጭ በፊተኛነታቸው ማስቀመጡ ነው።

ይህ ሦስተኛው ሐሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እቁብ ነው። እቁብተኛ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እንደሚጠቀም ያውቃል፤ ቀድሞ የበላ በገንዘቡ ቀድሞ ይሠራልና። ነገር ግን ማንም አያጉረመርምም፤ ፊተኛው የሚታወቀው በዕጣ ነው፣ ዕጣው የደረሰውም እስከ መጨረሻው መክፈሉን አያቋርጥም፣ የመጨረሻው ሰው ሙሉውን ገንዘብ ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል እቁቡ ይፈርሳል። አንድ ሰው «አባቴ ፊት በልቶ ነበርና እኔም ዘወትር ፊት እበላለሁ» ቢል እቁብተኛው ይስቅበታል። የበላው መክፈሉን ቢያቋርጥ ዳኛው ዋሱን ይይዛል። የመጨረሻው ባዶ ሣጥን ቢሰጠው ደግሞ ያ ስርቆት ይባላል እንጂ ተራ አይባልም።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው ቀጠናዎቹን ማፈራረቅ ብቻውን አይበቃም። ፊተኛውን ፍትሐዊ ያደርጋል፤ ኋለኛውን ግን በባዶ ሣጥን ፊት ሊተወው ይችላል። ስለዚህ ለኋለኛው የሚተርፍ ነገር መኖር አለበት። ለዚህ አንድ መሣሪያ ከደጃችን አለ። ሚኒያፖሊስ ከ2009፣ ሴንት ፖል ከ2011 ጀምሮ የከተማቸውን ሹማምንት የሚመርጡት ዜጋው ዕጩዎቹን በቅደም ተከተል በሚጽፍበት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ምርጫው ከወደቀ ድምፁ ለሁለተኛው ይተላለፋል። በ2020 አላስካ፣ ሃዋይ፣ ካንሳስና ዋዮሚንግ በዴሞክራቲክ ማጣሪያቸው ይህንኑ ተጠቅመዋል። ሚኒሶታም ተጠቅማበት ቢሆን፣ ዕጩዋ በዋዜማው የወጣችበት መራጭ ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫው በተሻገረ ነበር። የፊተኛው ችኮላ የኋለኛውን ድርሻ እንዳይበላ፣ በዙሮቹ መካከል በቂ ጊዜ መተውም ያስፈልጋል።

ኋለኛ መሆን በራሱ ውርደት እንዳልሆነ ታሪክ ይመሰክራል። በ2008 የባራክ ኦባማና የሂላሪ ክሊንተን ውድድር እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ፣ ደቡብ ዳኮታና ሞንታና በጁን 3 በሰጡት ድምፅ ማጣሪያው ተዘጋ። ኦባማም በዚያው ምሽት ዕጩነቱን ያወጀው በሴንት ፖል አዳራሽ ነበር። ከፊት የበቀለ ጆሮን ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው የሚባለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ነገር ግን ቀንድ የሚበልጠው እንዲበቅል ከተተወ ነው። ያ ዓመት በአጋጣሚ የሰጠውን ሕግ ሊሰጠው ይገባል።

ተራ የማንም ርስት አይደለም፤ የጋራ ንብረት ነው። የጋራ ንብረት ደግሞ በዕጣ ይከፈላል፣ በዙር ይዳረሳል፣ ለመጨረሻው ሰውም ድርሻው ይጠበቃል። የኒው ሃምፕሸር ገበሬም ሆነ በሚኒያፖሊስ የሌሊት ተረኛ የሆነው ሾፌር፣ በጅግጅጋ ጸሐይ ላይ የተሰለፈው ወጣትም ቢሆን፣ ከሕግ የሚጠይቀው ፊት ልሁን ማለትን አይደለም። የሚጠይቀው ተራው ሲደርስ የሚወሰን ነገር እንዲተርፈው ነው።